ከትራስ ሥር የወጡ ወረቀቶች

ረቡዕ ቀን ነበር። የብርጓል ከሕክምና ተመልሳ፣ ከባጃጅ ወርዳ፣ የልጇን ግቢ በር በክራንቿ ጫፍ ገፋ አድርጋ ስትገባ ጥሩነሽ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። በዚያ ሰዓት ልብስ ስፌት ቤቷ መሆን ነበረባት። እንደ ሌላው ቀን ሮጣም እናቷን አልደገፈችም። የብርጓል ሦስቱን ደረጃዎች ብቻዋን ወጣች፤ በሕክምና ቤት እንዳስተማሯት ደኅናውን ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ የተሰበረውን ግራ አስከትላ። ላይ ደርሳ ቀና ስትል "አየሽኝ?" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። የልጇን ፊት ስታይ ግን ቃሉ ከአፏ ተመለሰ።

"ግቢ እምዬ፤ የማሳይሽ ነገር አለ" አለች ጥሩነሽ።

ጓዳ ሲገቡ አልጋዋ ተገላልጧል። ትራሱ ወለል ላይ ወድቋል። አንሶላው ላይ ዘጠኝ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ተደርድረዋል።

"አንሶላ ልቀይር ብዬ ነው ያገኘኋቸው። ማን ነው የሰጠሽ?"

የብርጓል ፊቷ ጋለ። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣ አራት ልጅ የወለደች፣ ሁለት የቀበረች ሴት በገዛ ልጇ ፊት እንደ ኮረዳ አንገቷን ደፋች።

"የኔታ ናቸው።"

"የትኛው የኔታ?"

"አብረውኝ የሚታከሙት፤ የደብረ ወርቁ።"

"ምን ይላል?"

"አላውቅም።"

እውነቷን ነበር። በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራ ነበር፤ ዛሬ ከስሟ ሌላ መጻፍም ማንበብም አትችልም። የመጀመሪያውን ወረቀት የኔታ አካለ ወልድ እጇ ላይ ሲያኖሩላት ስንት ደቀ መዝሙር ላስተማሩ ሰው "ማንበብ አልችልም" ማለት አሳፈራት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያለፈ መሰላት።

ጥሩነሽ አንዱን ወረቀት በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። "እኔስ ተምሬ መች ላነበው ቻልኩ? እይው ይህን ፊደል፤ እንደ ጊንጥ ጅራት ተጣሟል። ይኸኛው ጭራሽ ተዘቅዝቋል። እዚህ ጋ 'ግራ እግር' ይላል። እዚህ 'ዐሥር ጊዜ'። በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ ግዕዝ ይመስለኛል።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እዚህ ጋ 'ወለተ ጊዮርጊስ' ይላል፣ እምዬ። የክርስትና ስምሽን ማን ነገራቸው?"

የብርጓል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።"

"የክርስትና ስም የሚጠይቅ ደብተራ ለምን እንደሚፈልገው አታውቂም? ሕፃን እንኳ ያውቃል እኮ! መስተፋቅር ነው።"

የብርጓልን ያስደነገጣት ይህ ቃል አልነበረም። ስሟ እዚያ ወረቀት ላይ መኖሩን በሰማች ጊዜ፣ ከፍርሃቱ ቀድሞ፣ ልቧ በደስታ መምታቱ ነበር።

*

የብርጓል ከሉማሜ ወዲያ ያለች የገጠር ሰው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ላሞቿን እያለበች ብቻዋን ኖራለች። ባለፈው ነሐሴ ማለዳ ከደጇ ድጥ አዳለጣትና በግራ ጎኗ ወደቀች። እረኞች እስኪያገኟት ድረስ እስከ እኩለ ቀን ጭቃው ላይ ተኝታ ነበር። ደብረ ማርቆስ ወሰዷት፣ የዳሌ አጥንቷን በብረት አያያዙላት፣ ልጇ ጥሩነሽም ወደ ቤቷ አመጣቻት። ሐኪሞቹ አጥንቱ ገጥሟል አሉ። እሷ ግን መቆም ፈራች። ከአልጋ ለመነሣት ባሰበች ቁጥር የዚያ ጭቃ ቅዝቃዜ ጀርባዋን ይይዛታል።

በኅዳር ወር ነው ጥሩነሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የወሰደቻት። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይ ሰው በሁለት እጁ ይዞ የሚራመድባቸው ሁለት አግዳሚ ብረቶች ተተክለዋል። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት ናቸው፤ ጉልበቱ ያበጠ፣ ወገቡ የተቆለመመ፣ ትከሻው አልነሣ ያለ። ባለሙያዋ ሂዊ የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። እጇ ጠንካራ፣ ንግግሯ ለስላሳ ነው።

"በሉ አባቶች፣ እናቶች፣ እንነሣ!" አለች ሂዊ በዚያን ቀን።

ማንም አልተነሣም። ከማዶ ጥግ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ዲያቆን በዜማ "እለ ትነብሩ ተንሥኡ!" አሉ።

ቅዳሴ ላይ "የተቀመጣችሁ ተነሡ" የሚባልበት ቃል ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የብርጓልም ሳቀች፤ እየሳቀችም ብረቱን ይዛ መነሣቷን ያወቀችው ከቆመች በኋላ ነው።

እኒያ ሽማግሌ የኔታ አካለ ወልድ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዘጠኝ፤ ደብረ ወርቅ ላይ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ሐምሌ ላይ ከደቀ መዛሙርቶቻቸው መካከል ተቀምጠው ቅኔ ሲዘርፉ ቃሉ መሐል ላይ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። አሁን ምላሳቸው ተፈትቶላቸዋል። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ደረታቸው ላይ ታጥፋ ቀርታለች፤ እሳቸውም ከጋቢው ሥር ይደብቋታል። እዚሁ ደብረ ማርቆስ የወንድማቸው ልጅ ቤት ተቀምጠው በሳምንት ሦስት ቀን ይታከማሉ። ሂዊ ባለ አራት ጫፍ ምርኩዝ ብትሰጣቸው "ይህ የበርጩማ ዘር ነው" ብለው በመቋሚያቸው ጸኑ።

"ስምዎ ማን ነው?" አሏት በብረቱ ወዲያና ወዲህ ፊት ለፊት ቆመው።

"የብርጓል።"

"የብር ጓል!" አሉ የኔታ፤ ከፊታቸው ደኅናው ወገን ፈገግ አለ። "ጓል እንኳ ከእርሻ ነው የሚወጣው። የብር ጓል የሚወጣበት ማሳ ግን ወዴት ነው?"

"ከሉማሜ ወዲያ ነው። ደግሞ ማረሻ ይሰብራል።"

የኔታ አካለ ወልድ ሳቁን መቆጣጠር አቅቷቸው ብረቱን ለቀው ሊወድቁ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የብርጓል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነሣለች። ነጠላዋን አጥባ ታሰጣለች። ሂዊ "ዐሥር ጊዜ" ስትላት ዐሥራ ሁለት ጊዜ እግሯን ታነሣለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ እነዚያ ወረቀቶች መምጣት ጀመሩ።

*

ጥሩነሽ ጎረቤታቸውን እማሆይ ወለተ ኪዳንን ጠራች። እማሆይ ወረቀቱን በእጃቸው አልነኩትም፤ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አገላበጡት።

"ቀና ሰው ቀና አድርጎ ይጽፋል" አሉ። "ይህ የቀና ሰው ጽሕፈት ነው? አንቺስ ብትሆኚ ባልሽን ቀብረሽ፣ ልጆችሽን ድረሽ፣ ከእንግዲህ የሚቀርሽ ቆብ ነበር። በቆብሽ ፋንታ የደብተራ ወረቀት ትራስሽ ሥር ትወትፊያለሽ?"

"ሰውዬው ክፉ አይመስሉኝም" አለች የብርጓል ቀስ ብላ።

"እንዳይመስሉሽ አይደል የተጻፈው?"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የብርጓል ራሷን እንደ ባዕድ ሰው መመርመር ያዘች። መቼ ነው እንዲህ የሆንኩት? ከወረቀቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ባሏን ሃያ ስምንት ዓመት አክብራ ኖራለች፤ በሩን ሲከፍት ግን ልቧ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። እንዲህ የሚባል ነገር ለሴት ልጅ መኖሩን እንኳ አልሰማችም። በዚህ ዕድሜ ከየት መጣ? የኔታ ወደ በሩ ዓይናቸውን ተክለው ሲጠብቋት፣ ስትገባ ቶሎ ወደ መሬት ሲያዩ፣ እሷም ያን አይታ እንዳላየች ስትሆን... ይህ ሁሉ ከእሷ ነው ወይስ ከቀለሙ?

ጥሩነሽ እናቷ የምትጠጣውን ውኃ ማሽተት፣ ነጠላዋን መፈተሽ ጀመረች። ስልክ ሲጠራ ቀድማ ታነሣለች። የብርጓልም ልጇን አልከለከለችም። ዓርብ ሕክምና ቀረች። ሰኞም ቀረች። ሁለት ሳምንት አለፈ።

እግሯ ግን አልጠበቃትም። ዳሌዋ ጠነከረ። ጠዋት ጠዋት ጭኗ እንደ እንጨት ይሆናል። በአራተኛው ቀን ሦስቱን ደረጃዎች መውረድ አቃታት፤ በዐሥረኛው ቀን ከአልጋ እስከ በር ልጇን መደገፍ ግድ ሆነባት። እማሆይ "ያ የያዘሽ ነገር ሲለቅ ነው" አሏት። የብርጓል ይህን ለማመን ፈለገች። ግን በሕክምናው ቀን፣ በሕክምናው ሰዓት፣ ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል፤ የሚለቃት ነገር ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ ይለቅ የነበረው ይህ አልነበረም?

*

ሂዊ ራሷ መጣች። ጥሩነሽ ስልኩን ብትዘጋባትም ጠያይቃ ቤቱን አገኘችው። የብርጓልን አስተኝታ እግሯን ቀስ ብላ አነሣች፤ ገና ስንዝር ያህል ከፍ ሳይል የብርጓል ጮኸች።

"እማማ የብርጓል፣ የሦስት ወር ሥራ እኮ በሁለት ሳምንት አጠፉት!" አለች ሂዊ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በእርስዎ ዕድሜ አጥንት ቢጠገን ብቻውን አያስኬድም። ጡንቻው ካልሠራ ይሟሽሻል። አንድ ወር እንዲህ ቢተኙ ዳግመኛ ላይነሡ ይችላሉ። ምን ሆነው ነው?"

ጥሩነሽ በእናቷ ፋንታ መለሰች። ወረቀቶቹን አምጥታ ፊቷ ዘረገፈቻቸው። "ይህን ነው የሆነችው። የአንቺ በሽተኛ የሚሠራውን እዪ።"

ሂዊ አንዱን አንሥታ አየችው። ሌላውን አነሣች።

"በየትኛው እጅ እንደተጻፈ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ?"

"በቀኝ እጃቸው ነው፤ በሽተኛዋ እጅ። ጣታቸው እንዲፍታታ በየቀኑ እስክርቢቶ ይዘው መስመር እንዲያሰምሩ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። መስመር መስሎኝ ነበር የሚያሰምሩት። ይህቺን ወረቀት ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።"

ጥሩነሽ ወረቀቱን ተቀብላ እንደገና አየችው። ከዚያ ግን "ታዲያ የክርስትና ስሟን ለምን ፈለጉት?" አለች።

ሂዊ ትከሻዋን ነቀነቀች። "እሱን እኔ አላውቅም። እሳቸውን ጠይቁ።"

የብርጓል ከአልጋዋ ላይ "እጠይቃለሁ" አለች። ድምጿ ግን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ መልሱን የሚፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

*

በማግሥቱ ዓርብ ጥሩነሽ ደግፋ አስገባቻት። የኔታ አካለ ወልድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ቆመው ነበር። ሲያዩአት ደኅናው የፊታቸው ወገን በራ። ሂዊ ሳትይዛቸው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ሦስት እርምጃ ወደ እሷ መጡ።

"ቀሩብን! ታመው ይሆን ብዬ ስንት..."

"የኔታ፣ ሳልጠይቅዎ ሌላ ነገር አላወራም" አለች የብርጓል። ከኋላዋ የልጇን ትንፋሽ ትሰማለች። "የክርስትና ስሜን ለምን ፈለጉት?"

የኔታ ቆሙ። ዓይናቸው ከእሷ ወደ ጥሩነሽ፣ ከጥሩነሽ ተመልሶ ወደ እሷ ሄደ።

"ጽፌልዎ የለም? አላነበቡትም?"

"ማንበብ አልችልም።"

"አይ... አይችሉም?" ደኅናው እጃቸው ብረቱን ጨበጠ። "ሁለት ወር ሙሉ መልስ ስጠብቅ?"

"አፈርኩ። መናገር አፈርኩ።"

"ማስነበብ ይቻል ነበር።"

"አስነበብኩ። መስተፋቅር ነው አሉኝ።"

ክፍሉ ውስጥ የነበረው የሽማግሌዎች ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ።

"'አሉኝ'? እሺ፤ ሰው ይላል" አሉ የኔታ። "እርስዎስ?"

የብርጓል አፏን ከፈተች። "አይደለም" ማለት ፈልጋ ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ራሷን ስትመረምር አድራ እውነቱን አላገኘችውም፤ መዋሸትም አልሆነላትም። ዝም አለች።

"ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ በወሊድ ስትሞት" አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለና የተረጋጋ ነበር፤ "ከነልጄ ስትሞትብኝ፣ ወንድሞቿ ለቅሶ ላይ 'ደብተራው በመጽሐፉ በላት' አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ሴት ፊት ብራና ዘርግቼ አላውቅም። ቅስና አልተቀበልኩምና ከማግባት የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ግን ዳግመኛ እንዲህ የሚያይ ዓይን ላለማየት ብቻዬን ኖርኩ። ዛሬ አየሁት።"

"የኔታ..."

"እኔን ይጠርጥሩኝ፤ የለመድኩት ነው። የገዛ ልብዎን ግን ባይጠረጥሩት ደግ ነበር።"

መቋሚያቸውን ያዙ። ሂዊ ልትደግፋቸው ስትጠጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀኝ እግራቸው ሲሚንቶውን እየፋቀ እስከ በሩ ድረስ ሄዱ፤ ያ የመፋቅ ድምፅ ኮሪደሩን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ የብርጓል ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እግሯ አልነበረም የያዛት፤ ኀፍረት ነበር።

*

ቤት ሲደርሱ የብርጓል ጋደም አላለችም። ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"አምጭና አንብቢልኝ" አለች።

ጥሩነሽ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ልብስ ሰፊ ናትና ዓይኗ የተጣመመ ነገር ለይቶ ማየት ያውቃል። በጣም ከተበላሸው ጀምራ እየቀና እስከሄደው ድረስ በተራ አስቀመጠቻቸው፤ የአንድ እጅ መዳን ከግራ ወደ ቀኝ ጠረጴዛው ላይ ታየ። ያን ዕለት በድንጋጤ ከየወረቀቱ አንዳንድ ቃል ብቻ ነበር የለቀመችው፤ አሁን ግን ከቀናው ፊደል እየተነሣች የተጣመመውን መፍታት ቻለች።

የመጀመሪያው ላይ ያችው ሦስት ጊዜ የተደጋገመች ቃል ብቻ ነበረች። "'ተንሥኢ፣ ተንሥኢ፣ ተንሥኢ'" አነበበች ጥሩነሽ። "ተነሺ ማለት ነው።"

ሁለተኛው፣ "ዛሬ ዐሥር ጊዜ ተነሡ። ቆጥሬያለሁ።"

ሦስተኛው፣ "ግራ እግርዎ ዛሬ አልፈራም።"

አራተኛውን ስታነብ ጥሩነሽ ድምጿ ተሰበረ። "'የክርስትና ስምዎን የጠየቅሁት በጸሎቴ ላስብዎ ነው። ወለተ ጊዮርጊስ ብዬ ሁልጊዜ ከእናቴ ስም ቀጥዬ እጠራለሁ። ይህን ሳላስፈቅድ ማድረጌን ይቅር ይበሉኝ።'"

"ቀጥዪ" አለች የብርጓል።

ሌላው ላይ፣ "ተማሪዎቼን ወርቁን በሰም ሸፍኑ እያልኩ አርባ ዓመት አስተማርኩ። ለእርስዎ ስጽፍ ግን ሰሙ እምቢ አለኝ፤ ወርቁ ራቁቱን ይወጣል" የሚል ነበር። ሌላው ላይ ስለ ነጠላዋ ንጣት ተጽፏል። ሌላው ላይ ስለ ሳቋ። ዘጠነኛው ከሁሉም ይረዝማል፣ ከሁሉም ይነበባል።

"'በግራ እጄ ብጽፈው በአንድ አፍታ ባለቀ። ተማሪ ባዘው ደግሞ ባማረ። ይህቺ እጅ ግን ለሌላ ለምንም አትታዘዝልኝም፤ ለእርስዎ ስጽፍ ትንቀሳቀሳለች። ሽማግሌ ነኝ፤ ጎኔም ግማሹ ሞቷል። የምሰጥዎ ብዙ የለኝም። አብረውኝ ያረጁ እንደሆነ ግን 'አዎ' ይበሉኝ። ካልሆነም 'አይ' ይበሉኝ፤ አልቀየምም። ብቻ ሕክምናውን እንዳያቋርጡ፤ እግርዎ ያሳዝነኛል።'"

ጥሩነሽ ወረቀቱን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"አባቴን የረሳሽው መስሎኝ ነው" አለች ከጣቶቿ መካከል። "ሌላው ሁሉ ምክንያት ነው፣ እምዬ። አባቴን የረሳሽው መስሎኝ ነው።"

የብርጓል የልጇን ራስ ወደ ጉልበቷ ሳበች፤ ያ የታመመው እግሯ ቢጮህባትም አልገፋቻትም።

"አባትሽን አልረሳሁም። አባትሽ ሲሞት ግን እኔም የሞትኩ መስሎኝ ነበር፤ ያን መሞቴን ነው የረሳሁት።"

ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። የብርጓል እንባ ግን የልጇ ዓይነት አልነበረም፤ እሷ የምታለቅሰው "አይደለም" ማለት ስትችል ዝም ስላለችባት አንዲት ቅጽበት ነበር።

*

ሰኞ ስትሄድ የኔታ አልነበሩም። ረቡዕም አልነበሩም። ሂዊ ደወለች፤ የወንድማቸው ልጅ "ደብረ ወርቅ ገብተዋል፤ ሕክምናው በቃኝ ብለዋል" አላት።

"እዚያ የሚያሠራቸው ባለሙያ የለም" አለች ሂዊ። "እጃቸው ተመልሳ ትታጠፋለች። ገና መንቃት መጀመሯ ነበር።"

የብርጓል ትንሽ አሰበች። "ከመኪና ማውረጃው እስከ ቤታቸው ምን ያህል ያስኬዳል?"

"አላውቅም። ዳገት ነው ይላሉ፤ ድንጋይም አለው።"

"እንግዲያው ዳገት አስተምሪኝ።"

ሂዊ ሳቀች፤ የብርጓል ግን አልሳቀችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረችም። አሸዋ የተሞላች ከረጢት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታስሮላት እግሯን አነሣች። ከክፍሉ ወጥታ በግቢው ጠጠር ላይ፣ ከዚያ በሣሩ ተዳፋት ላይ ተራመደች። ሁለት ጊዜ ልትወድቅ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ያ የነሐሴ ጭቃ በዓይኗ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆማ፣ ተንፍሳ፣ ቀጠለች። ማታ ማታ ልጇ ጭኗን በሙቅ ውኃ በተነከረ ፎጣ ታሽላታለች። እማሆይ ወለተ ኪዳን አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አይተው "ወዴት ልትሄጂ ነው እንዲህ የምትዳክሪው?" ሲሏት "ደብረ ወርቅ" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እማሆይ ሰላምታ ነፈጓት። በልቧ ግን ያ ጥርጣሬ ፈጽሞ አልሞተም ነበር። ወረቀቱ መልካም ሆነ፤ እሺ። ሰውዬውስ ሲያዩኝ ፊታቸውን ቢያዞሩ? እንደዚያ ቀን ቢያዩኝ?

ተዘግቶ የሰነበተው የመኪና መንገድ በተከፈተ ቀን ከጥሩነሽ ጋር ተሣፈረች። ሉማሜን ሲያልፉ የገዛ ሀገሯን በመስኮት አየችና "ወራጅ" ልትል ምላሷ ተነሣ፤ መልሳ ዋጠችው። ሁለት መኪና ቀይረው ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ቀትር አልፏል።

"ከዚህ ወዲያ ብቻዬን ነው" አለች ልጇን።

"እምዬ፣ ድንጋዩን አታይም?"

"አየዋለሁ። እዚህ ጠብቂኝ።"

ክራንቿን አስቀደመች፤ ቀኝ እግሯን፣ ከዚያ ግራዋን። የአገሬው ሰው ፈጥኖ የሚወጣውን የእግር መንገድ እሷ አራት ጊዜ አረፈችበት። ነጠላዋ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ። ከላይ፣ ከደቀ መዛሙርቱ ጎጆዎች በኩል፣ ቅኔ የሚያጠኑ ሰዎች ጉርምርምታ ይሰማል። ከጉርምርምታው ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ቤት ደጃፍ፣ የኔታ አካለ ወልድ መደብ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከሲተዋል። ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ሥር ተደብቃለች።

መጀመሪያ ክራንቿን አዩ። ከዚያ ፊቷን። ሊነሡ ሞከሩ፤ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።

"ማን አመጣዎት?"

"ልጄ እስከ መኪናው ማውረጃ መጥታለች። ከዚያ ወዲህ ያለውን በእግሬ ነው የመጣሁት።"

"በዚህ ዳገት?"

"በዚህ ዳገት።" ትንፋሿን እስክትሰበስብ ድረስ ክራንቿን ተደግፋ ቆመች። "አይ፣ አልቀመጥም። መጀመሪያ ልናገር። ያን ዕለት 'እርስዎስ?' ብለው ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። እርስዎን ጠርጥሬ አልነበረም። ልቤን ነው የጠረጠርኩት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚመታ ልብ የእኔ ነው ብዬ ማመን ከበደኝ፤ ሌላ ሰው ያስቀመጠው መሰለኝ።"

የኔታ መሬቱን ያያሉ።

"ከዚያ ሄዱ" አለች። "ወረቀት አልነበረ፣ ዓይንዎ አልነበረ፣ ድምፅዎ አልነበረ። እኔ ግን በየቀኑ በሩን አያለሁ። ልጄ ሁሉንም አነበበችልኝ። መልሴን ላመጣ ነው የመጣሁት። አዎ ነው።"

የኔታ ቀና አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ደስታ ነበር፤ ከደስታው በላይ ግን የተነከሰ ሰው ጥንቃቄ ነበር።

"ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ቢልዎትስ?"

"ሊሉኝ ይችላሉ።"

"እኔስ እንዴት አምንዎታለሁ?"

"አይመኑኝ" አለች የብርጓል። "ይጠርጥሩኝ። እኔም ጠርጥሬዎታለሁ፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ሲሰለችዎ ይተዉታል። እኔ ግን ሰኞ ሕክምና ቤት እጠብቅዎታለሁ። ረቡዕም፣ ዓርብም።"

የኔታ ጠጋ ብለው መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁላት።

የብርጓል አሁን ተቀመጠች። መደቡ ላይ፣ ከአጠገባቸው፣ ክራንቿን ጎኗ አስደግፋ። ከዚያ ሳታስፈቅድ የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ያቺን የተደበቀች እጅ አወጣች። ቀዝቅዛለች። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተጨብጠው ደርቀዋል። ሂዊ ስትሠራ ስንት ቀን አይታለች፤ አውራ ጣቱን በቀስታ ፈለቀቀች፣ ቀጥላ ሌባ ጣቱን፣ ቀጥላ መሐሉን። የኔታ ሕመሙን ዋጥ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከማዶ ሰው ይያቸው አይያቸው አልጠየቀችም።

መዳፉ ሲዘረጋ የራሷን እጅ አኖረችበትና ጠበቀች።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። እነዚያ ጣቶች የሌላ ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ቀስ ብሎ፣ ትንሿ ጣት ተንቀሳቀሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏትና እጇን ጨበጧት።

የብርጓል ልቧ መታ። ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችውም።